ለፈረስ የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ ስለሚያመጣው ጉዳት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ በሳይንስ ክበብ ስም፥ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



ለዛሬው የምሥረታ በዓል የሳይንስ ክበባችን አንድ ንግግር እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ ብዙ ዓይነት አሳብ ቀርቦ ነበር። አንዳንዶቻችን ስለ ጠፈር ጉዞ፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል ይሁን ብለን ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው ግን በትምህርት ቤታችን በር ላይ ስለሚቆም ስለ አንድ የጋሪ ፈረስ ለመናገር ነው። ይህንንም የመረጥነው ፈረሱን የጎዳነው እኛው ራሳችን ስለ ሆንን ነው። ክበባችንን የሚመሩት መምህር «ይህ ነገር በበዓል ቀን የሚነገር ነውን?» ብለው ጠይቀውን ነበር፤ ጽሑፉን ካነበቡት በኋላ ግን ፈቀዱልን።

ፈረስ በአገራችን ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው ለወላጆቻችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ዛሬም ቢሆን ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፈረሱ እንደ ሙሽራ አጊጦ ይወጣል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ይገኛሉ ከሚባሉት 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች የሚበዙት ጌጥ አድርገው አያውቁም። እህል ይጭናሉ፥ ውሃ ይስባሉ፥ ገበያተኛ ያመላልሳሉ። በከተማ ውስጥ ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የጋሪ ፈረስ ገቢው እያነሰ፥ የሚጫንበት ሸክም ግን እየበዛ መጥቷል። የኛ ንግግር ስለ እነዚህ ነው።

ፈረሱ ቀለሙ ዳማ ስለ ሆነ ስሙም ዳማ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም አባባ እያልን እንጠራቸዋለን። እኛ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውሃና ማገዶ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ዳማ በግራ የፊት እግሩ ማነከስ ጀመረ። አባባ እግሩን በሞቀ ውሃና በጨው ቢያጥቡለትም አልተሻለውም። እንዲያሳርፉት በነገርናቸው ጊዜ፥ «ልጆቼ፥ አንድ ሳምንት ካሳረፍሁት ለእሱም ለኔም የሚበላ ከየት ይመጣል?» አሉን። ይህ እውነት ስለ ነበረ የምንመልሰው ቃል አጣን።

ከዚህም የተነሣ የክበባችን አባሎች ገንዘብ አዋጣን፤ ከመካከላችንም አራት ሆነን ወደ ገበያ ሄድንና የእንስሳት መድኀኒት ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ የሕመም ማስታገሻ ዱቄት ገዛን። ሻጩ ማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። እርሱ «ይኸ ለፈረስ ነው» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀንም፤ እኛም ምንም አልጠየቅነውም። መድኀኒቱ ፌኒልቡታዞን የሚባለው ነበር፤ በያንዳንዱ ትንሽ ከረጢት ውስጥ 1 ግራም አለበት። ከከረጢቶቹ ጋራ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነበረ። መቼም እኛ በእንግሊዝኛችን የምንመካ ነንና ወረቀቱን እኛው አንብበን ለአባባ በአማርኛ ተረጎምንላቸው። «በመጀመሪያው ቀን ጧት ሁለት ማታ ሁለት ከረጢት፤ ከዚያ በኋላ ጧት አንድ ማታ አንድ» አልናቸው። ትርጉሙ ልክ ነበረ። ነገር ግን ከዚያው መስመር ላይ፥ ይህ መጠን 450 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ፈረስ ነው የሚል ነበረ፤ ከበታቹም ለትንንሽ ፈረሶች መጠኑ በግማሽ እንዲቀነስ የሚያዝ ሌላ መስመር ነበረ። ቁጥሩን አይተን አለፍነው፤ የታችኛውን መስመር ግን ጨርሶ አላነበብነውም።

በሁለተኛው ቀን ዳማ ማነከሱን ተወ። አባባ በደስታ ወደ ክፍላችን ድረስ መጥተው ግንባራችንን ሳሙን፤ መረቁን። እኛም ሐኪሞች የሆንን መሰለን። ከክበባችን አንዱ ስለዚሁ ነገር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ እስከ መለጠፍ ደርሶ ነበር። ያን ጽሑፍ አሁን ብናገኘው እንቀደው ነበር፤ ሌላ ሰው ግን ቀድሞን አንሥቶታል።

በስድስተኛው ቀን ዳማ ገብሱን ትቶ ቆመ። አባባ የጾም ልማድ የያዘ መስሏቸው ሣቁ። በስምንተኛው ቀን ከአፉ ለሃጭ ይወርድ ጀመር፤ አፉን ከፍተን ብናይ ድዱና ምላሱ ላይ ቁስል ወጥቷል። በዘጠነኛው ቀን ፋንድያው እንደ ላም እበት ቀጠነ፤ ከሆዱ በታች ደግሞ በጣት ሲጫኑት ጐድጐድ ብሎ የሚቀር እብጠት ታየ። ጎኑን እየዞረ ያይ ነበር፤ ይተኛል፥ ወዲያውም ይነሣል። ያን ጊዜ ነው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የጠራነው። ባለሙያው በሽታው ምን እንደ ሆነ አልጠየቀንም። የጠየቀን ሁለት ነገር ነው፤ «ምን ያህል ሰጣችሁት? ፈረሱስ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» አለን። የመጀመሪያውን መለስን። ሁለተኛውን ግን ከአራታችን አንዱም ሊመልስ አልቻለም።

ሚዛን ስላልነበረ ባለሙያው ክር አወጣ። ክሩን ከፊት እግሮቹ ኋላ፥ ከትከሻው ጉብታ በታች፥ በደረቱ ዙሪያ አዞረው፤ በሜትር ቢለካ 145 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቀጥሎም ከፊት ከትከሻው ጫፍ እስከ ኋላ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ያለውን ርዝመት ለካ፤ 125 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ይባዛል፥ ከዚያ በርዝመቱ ይባዛል፥ የተገኘውም ለ11,877 ይካፈላል። ይህን ስሌት እኛም በደብተራችን ላይ ሠራነው፤ 145 በ145 ሲባዛ 21,025፤ ይህም በ125 ሲባዛ 2,628,125፤ ለ11,877 ሲካፈል 221 ኪሎ ግራም። የዳማ ክብደት በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ፈረስ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። የአገራችን ፈረስ በአብዛኛው ከአውሮፓ ፈረስ እጅግ ያነሰ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ እኛም እናውቅ ነበር። ነገር ግን የምናውቀውን ከምናነበው ጋራ አላገናኘነውም።

የፌኒልቡታዞን መጠን በመጀመሪያው ቀን ለያንዳንዱ ኪሎ ግራም 4.4 ሚሊ ግራም ሆኖ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ለ221 ኪሎ ግራም ይህ 972 ሚሊ ግራም፥ ማለት አንድ ከረጢት ያህል ነው። በሚቀጥሉት ጥቂት ቀኖች መጠኑ ወደ 2.2 ሚሊ ግራም ይወርዳል፤ ይኸውም ግማሽ ከረጢት ጧት፥ ግማሽ ከረጢት ማታ ማለት ነው። ከዚያም እያሳነሱ መተው ነው። እኛ በዘጠኝ ቀን ውስጥ 20 ከረጢት ሰጠነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እጥፍ ቢሰጠው ጉዳቱም እጥፍ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም» ሊል ይችላል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ባለሙያው ያስረዳን ግን ሌላ ነው። ይህን መድኀኒት የሚያፈርሰው ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊያፈርስ የሚችለው የተወሰነ ነው። ከዚያ በላይ ሲሰጠው የተረፈው በደም ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል፤ የማግስቱም ድርሻ በትናንቱ ላይ ይደረባል። እንዲያውም ጉበት ፌኒልቡታዞንን ሲያፈርስ የሚወጣው ኦክሲፌንቡታዞን የሚባለው ነገር ራሱ እንደ መድኀኒት የሚሠራ ነው። ስለዚህ መጠኑ በእጥፍ ሲያድግ ጉዳቱ ከእጥፍ አልፎ ይሄዳል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ለትንንሽ ፈረሶች ከተለመደው በላይ ፌኒልቡታዞን ሲሰጥ የሚሆነውን መርምረው አሳትመዋል። ፈረሶቹ መብል ተዉ፥ አንጀታቸው ቆሰለ፥ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ። ዳማም ያን መንገድ ጀምሮት ነበር።

ይህ መድኀኒት መጀመሪያ ለፈረስ የተሠራ አልነበረም። የስዊስ አገር ኩባንያ የሆነው ጋይጊ ያወጣው ሲሆን፥ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ለመገጣጠሚያ ሕመም ይወስዱት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደም የሚፈጥረውን የአጥንት መቅን እንደሚያደርቅ ታወቀና በአብዛኛው አገር ለሰው መሰጠቱ ቀረ። ለፈረስ ግን ርካሽና ብርቱ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ አለ። በፈረስ እሽቅድምድም አገሮች ስሙን የማያውቀው የለም። በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኬንታኪ ደርቢ ዳንሰርስ ኢሜጅ የተባለው ፈረስ አንደኛ ወጥቶ ሳለ፥ በሽንቱ ውስጥ ፌኒልቡታዞን ተገኘ ተብሎ አንደኛነቱን ተነጥቋል፤ ሽልማቱም ለሁለተኛው ለፎርዋርድ ፓስ ተሰጠ። ክርክሩ በፍርድ ቤት ዓመታት ፈጅቷል። የኛ ዳማ እንኳ የሚነጠቅ ሽልማት አልነበረውም።

ታዲያ ሕመምን የሚያስታግስ መድኀኒት ስለ ምን ሆድን ያቆስላል? ይህን ለብዙ ዘመን በትክክል ያወቀ አልነበረም። በ1971 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆን ቬን እነ አስፒሪን የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዳይሠሩ በመከልከል መሆኑን ገለጠ፤ ስለዚህም በ1982 እ.ኤ.አ. ከሁለት ስዊድናውያን ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፌኒልቡታዞንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ነገሩን ለማስረዳት የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ እንውሰድ። እኒህ ሰው ደወል ይደውላሉ፤ ደግሞም የውሃውን ቧንቧ ይጠብቃሉ። የደወሉ ጩኸት ስለ አስቸገረን ዘበኛውን ብናባርር ጩኸቱ በርግጥ ይቀራል፤ ቧንቧው ግን ያለ ጠባቂ ይሆናል። ፕሮስታግላንዲን በቆሰለው እግር ላይ እብጠትና ሕመም ያመጣል፤ ይህ ደወሉ ነው። በጨጓራና በአንጀት ደግሞ የውስጡን ሽፋን ከአሲድ የሚጋርደው ልጋግ እንዲወጣ ያደርጋል፤ በኩላሊትም ደም እንዲዘዋወር ይረዳል። መድኀኒቱ የቱን ትቶ የቱን እንደሚከለክል መርጦ አያውቅም።

ፈረስ ደግሞ ከሰው ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። የሰው ጨጓራ አሲድ በብዛት የሚያወጣው መብል ሲመጣ ነው፤ የፈረስ ጨጓራ ግን ሌሊትም ቀንም፥ ባዶም ሆነ ሙሉ፥ ያለ ማቋረጥ ያወጣል። ተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ሣር እየጋጠ እንዲውል ነውና። የጋሪ ፈረስ ግን ጧት ጥቂት ገብስና ፉርሽካ ቀምሶ እስከ ማታ ልጓም ነክሶ ይቆማል። በዚህ ባዶ ሆድ ላይ መድኀኒቱ ሲጨመር ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ አንድ ጊዜ የዋጠው ነገር መመለሻ የለውም።

ዳማን ይበልጥ የጎዳው ግን ጨጓራው አልነበረም። ፌኒልቡታዞን በፈረስ ላይ ለይቶ የሚያጠቃው አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም በትልቁ አንጀት በቀኝ በላይኛው ክፍል ነው። ያ ክፍል ሲቆስል በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን በቁስሉ በኩል እየፈሰሰ ይወጣል፤ ፕሮቲን ሲያንስ ውሃው ከደም ሥር ወጥቶ ከሆድ በታች ይጠራቀማል። እብጠቱ ያ ነበር። ሐኪሞች እንደሚሉት መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ግን እብጠቱ አይደለም፤ መብል መቀነስ ነው። እኛ በስድስተኛው ቀን የተተወውን ገብስ እንደ ምልክት ቆጥረን መድኀኒቱን ብናቆም ኖሮ ብዙው ነገር በቀረ ነበር።

ስለ ኩላሊትም ጥቂት እንበል። ፈረስ ውሃ ሲጠማውና ላብ ሲያልበው የሰውነቱ ደም ይቀንሳል፤ ኩላሊት እንዳይጎዳ ደም የሚያደርስለት ያው ፕሮስታግላንዲን ነው። ስለዚህ ውሃ በጠማው ፈረስ ላይ ማስታገሻ መስጠት የኩላሊቱን የውስጥ ክፍል ሊያሞተው ይችላል። በፀሐይ ሲስብ ውሎ ውሃ በባልዲ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገኝ የጋሪ ፈረስ ሁልጊዜ በዚህ አደጋ ላይ ነው።

ከዱቄቱ ሌላ በመርፌ የሚሰጥም አለ፤ ይህ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፌኒልቡታዞን በደም ሥር ብቻ እንጂ በሥጋ አይወጋም። ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ሥጋው ይሞታል፥ ቆዳውም ተልጦ ይወድቃል። በአንገት በኩል ሲወጋ ተሳስቶ ወደ አንጎል ወደሚሄደው ሥር ቢገባ ፈረሱ ወዲያው እየተንፈራገጠ ይወድቃል። ፍሉኒክሲን የሚባለው ሌላው ማስታገሻም ለሆድ ቁርጠት እጅግ የሚረዳ ቢሆንም፥ በሥጋ ሲወጋ አልፎ አልፎ የሚገድል የሥጋ መበስበስ ያመጣል። እንግዲህ መርፌ በገበያ ላይ መገኘቱ ማንም ይውጋ ማለት አይደለም።

አንዱ መድኀኒት አልበቃ ሲል ሌላውን መደረብ የተለመደ ስሕተት ነው። ፌኒልቡታዞንና ፍሉኒክሲን አብረው ሲሰጡ ሕመሙን በጥቂት ይቀንሱ ይሆናል፤ በጨጓራና በአንጀት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ተደምሮ ይብሳል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉትን ከነዚህ ጋራ መቀላቀልም እንዲሁ ነው። ከዚህ ወገን ያልሆነው ሞርፊን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ፈረስን አንዳንድ ጊዜ እንደ ማደንዘዝ ያቅበጠብጠዋል፥ አንጀቱንም ስለሚያዘገየው ፋንድያው ደርቆ ይዘጋዋል። እንደ ፊሮኮክሲብና መሎክሲካም ያሉት አዲሶቹ ለጨጓራ የሚራሩ ናቸው ይባላል፤ ለኩላሊት ግን እነርሱም ቢሆኑ ፍጹም ደኅና አይደሉም።

ስለ አህያና ስለ በቅሎ የሚጠይቅ ወላጅ እንዳለ እናውቃለን፤ በአገራችን አህያ ከፈረስ እጅግ ይበዛልና። አህያ ትንሽ ፈረስ ናት ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አህያ ፌኒልቡታዞንን ከሰውነቷ የምታስወጣው ከፈረስ ይልቅ ፈጥና ነው፤ መሎክሲካምንማ እጅግ ፈጥና ስለምታስወጣው ለርሷ ብዙ አይረባትም። ለፈረስ የተጻፈውን ጊዜና መጠን ለአህያ ማዋል እንደማይገባ ከዚህ ይታወቃል። ከላይ የተናገርነው የክር ስሌትም ለጎልማሳ ፈረስ ነው፤ ለአህያ ሌላ ስሌት አለ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከፈረስ ጥቂት ራቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሊታለፍ አልቻልንም። ባለሙያው «ይህ ፈረስ ቢሞት ሬሳውን ለጥንብ አንሣ እንዳትጥሉ፤ ቅበሩት» ብሎ ስላዘዘን ምክንያቱን ፈለግን። በህንድና በአካባቢዋ ባሉ አገሮች ጥንብ አንሣዎች በብዛት እየሞቱ ሊጠፉ ደርሰው ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ታወቀ፤ ለከብት የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ በሬሳው ውስጥ ቀርቶ የወፎቹን ኩላሊት ያጠፋ ነበር። ህንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይውል ከለከለች። መሎክሲካም ግን ለወፎቹ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል። በሠፈራችን ዲክሎፌናክ ከሰው መድኀኒት ቤት ተገዝቶ ለበሬም ለፈረስም ሲሰጥ አይተናል። የሞተ ፈረስም ከከተማ ውጭ ለጅብና ለጥንብ አንሣ እንደሚጣል ሁላችሁ ታውቃላችሁ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ መድኀኒቱ ራሱ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ከሁሉ የበለጠውን የተማርነው ግን ባለሙያው የዳማን እግር አንሥቶ ሰኮናውን በመቆንጠጫ ሲጫነው ነው። ዳማ ከመድኀኒቱ ጋራም ቢሆን እግሩን ነጠቀ። ባለሙያው ከሰኮናው በታች አንዲት ጥቁር ነጥብ ተከትሎ በቢላዋ ቢፍቅ ጥቁር መግል ወጣ። ሚስማር ወይም ስለታም ድንጋይ ወግቶት ኖሮ ከውስጥ መግል ይዞ ነበር። መግሉን ለማውጣት የፈጀው ጊዜ ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ያነሰ ነው። ይህ በመጀመሪያው ቀን ቢደረግ ኖሮ ዱቄቱ ላያስፈልግ ይችል ነበር። እኛ ሕመሙን ስለ ሸፈንነው ዳማ በታመመው እግሩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ውሃና ማገዶ ሳበ፤ መግሉም ወደ ውስጥ እየሰፋ ሄደ። ማነከሱ «አሳርፉኝ» የሚልበት ቋንቋው ነበረ፤ ሌላ ቋንቋ የለውም። የሆድ ቁርጠትም እንዲሁ ነው። ማስታገሻው ቁርጠቱን ለጊዜው ሲያስተኛው አንጀቱ የተጠማዘዘ ፈረስ የዳነ ይመስላል፤ ሐኪም ሲጠራ ጊዜው ያልፋል።

በዚህ ንግግር መድኀኒቱን ልናወግዝ አልመጣንም። ፈረስ በሕመም ሲሰቃይ ዝም ብሎ ማየትም ጉዳት ነው፤ የታመመ እንስሳ አይበላም፥ አይተኛም፥ ደኅነኛው እግሩም ሸክሙን ብቻውን ስለሚሸከም ይጎዳል። ባለሙያው ራሱ መግሉን ካወጣ በኋላ «ሆዱ ባይጎዳ ኖሮ ሁለት ቀን ማስታገሻ እሰጠው ነበር፤ አሁን ግን አልችልም» ብሎናል። የኛ ስሕተት ዳማን የመድኀኒቱን ጉዳት ብቻ ሳይሆን፥ በሚያስፈልገው ጊዜ የመድኀኒቱን ጥቅምም አሳጣው።

ዱቄቱ ወዲያው ተቋረጠ። ለጨጓራው ሱክራልፌት የሚባለው መድኀኒት ተሰጠው፤ ለአንጀቱ ግን ከጊዜና ከዕረፍት በቀር ብዙ የሚደረግለት አልነበረም። ለስላሳ ለምለም ሣር በጥቂት በጥቂቱ፥ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲበላ ታዘዘ። ሣሩን ከትምህርት ቤቱ ግቢና ከወንዙ ዳር እያጨድን በተራ ያመጣነው እኛ ነን፤ ለዚህ ምስጋና አንጠብቅም። እብጠቱ በሦስት ሳምንት ጎደለ። ፋንድያው እንደ ቀድሞው ክብ ክብ እስኪሆን ድረስ ግን ሁለት ወር ፈጀ። በነዚያ ሁለት ወሮች አባባ ገቢ አልነበራቸውም። የክበባችን መዋጮ የቤታቸውን ቀለብ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም፤ ታናሽ ልጃቸውም በዚያው ጊዜ ትምህርቱን ትቶ ሊስትሮ ሆኖ ነበር። በመስከረም ተመልሶ ተመዝግቧል፤ አንድ ዓመት ግን ዘግይቷል።

አንድ ቀን ሣር ይዘን በሄድን ጊዜ አባባን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። «እናንተ ያልተማራችሁ ብትሆኑ ኖሮ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር» አሉን። ከዚያ በኋላ ለፈረሱ ውሃ ሊያቀርቡ ሄዱ። ይህን ቃል ለመናገር ስንት ጊዜ እንደ ተለማመድነው ጓደኞቻችን ያውቃሉ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሳይንስ ክበባችን የጋሪ ፈረሶችን መለካት ጀምሯል። እስካሁን በበራችን ከሚያልፉት 34 ለክተናል፤ ከ180 ኪሎ ግራም እስከ 270 ኪሎ ግራም ድረስ ሆነው አገኘናቸው። 450 የሞላ አንድም የለም። የያንዳንዱን ክብደት በካርቶን ላይ ጽፈን ለባለቤቱ ሰጥተናል። ማንበብ ለማይችሉትም በክር ላይ ቋጠሮ እንቋጥራለን፤ አንዱ ቋጠሮ 50 ኪሎ ግራም ነው። መድኀኒት ግን ለማንም አንሰጥም፥ መጠንም አንናገርም፤ ያ የባለሙያው ሥራ ነው። ባለቤቱ ወደ ባለሙያው ሲሄድ ክሩን ይዞ እንዲሄድ ብቻ እንነግረዋለን። ከአካባቢያችን ባለ ጋሪዎች አንዳንዶቹ «ፈረስ በክር ይታከማል እንዴ?» እያሉ ይሥቁብናል፤ እንዲያውም አንዱ ሚስቱን እንድንለካለት ጠይቆናል።

ዳማ ዛሬ የሚያመጣው የወጥ ቤቱን ማገዶ ብቻ ነው። ውሃው በባጃጅ ይመጣል። አባባ ከአዳራሹ ኋላ ከወላጆች ጋራ ተቀምጠዋል፤ ይህን ንግግር አስቀድመን አንብበንላቸው አንድ ቦታ ብቻ እንድናርም አዘውናል። እኛ በመጀመሪያው ጽሑፍ ዳማ ሽማግሌ ፈረስ ነው ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን ገና 11 ዓመቱ ነው ብለዋል።

ንግግሩ እንዳለቀ ዳማ በበሩ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ይቆማል። ክርና ሜትር ይዘናል። አለካኩን ለማየት የምትወዱ ወላጆችና መምህራን ከፊቱ በኩል፥ ቀስ ብላችሁ፥ እንድትቀርቡ እንለምናለን፤ ከኋላው መቅረብ አይወድም።